ሁሉም የሚጥሰው ሕግ ይሻር? (ደብዳቤ ለልጄ)

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። ለሕግ መምህርሽ በምትጽፊው ጽሑፍ ላይ ቅዳሜ ማታ የጀመርነውን ክርክር ኔትወርኩ ቆረጠው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣልኝም። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። በስልክማ መች ታስጨርሺኛለሽ።

መጀመሪያ ያልሽውን ልድገመው፣ እንዳላጣምምብሽ። «አባዬ፣ ብዙው ሰው በየቀኑ የሚጥሰው ሕግ ካለ ጥፋቱ የሕጉ ነው። ሕዝቡ በተግባር ሽሮታል፣ ፓርላማው የቀረችውን ፊርማ ይፈርም» ነው ያልሽኝ። ምሳሌሽ ደግሞ የአሜሪካኖቹ የመጠጥ ክልከላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ከለከሉ፣ ሰዉ ግን በየጓዳው ጠመቀ፣ በየምድር ቤቱ ጠጣ፣ ወንበዴው በመጠጥ ንግድ ከበረ፣ በ1933 ራሳቸው ያወጡትን ማሻሻያ በሌላ ማሻሻያ ሻሩት። ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ አልከራከርሽም።

ግን እዚያው አገር ሌላም አለልሽ። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የጥቁርና የነጭ ተማሪዎችን በሕግ መለየት ሕገ ወጥ ነው አለ። በደቡብ ግዛቶች ውሳኔውን የናቀው እኮ ጥቂት ሰው አልነበረም። ገዥው፣ የትምህርት ቦርዱ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ናቀው። በ1957 ሊትል ሮክ በምትባል ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ የግዛቱ ገዥ ወታደር አቁሞ መለሳቸው፤ በመጨረሻ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ጦር ልኮ አስገባቸው። ነገሩ በቆጠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙ ልጆች ወደቤታቸው ይመለሱ፣ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን ያጥፍ ነበር። የአንቺ መርህ መጠጡን ፈቅዶ እነዚህን ልጆች ደጅ ላይ ይተዋቸዋል። ለዚህ ነው ያልተስማማሁሽ።

አሁን አሜሪካን እንተወውና ወደ ሐይቃችን ወደ ጣና እንምጣ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ክልሉም የራሱ አለው። በመራቢያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ፣ በመርዝ ማጥመድ፣ ጫጩቱን ሁሉ ጠራርጎ የሚያወጣ መረብ መጣል፣ ይህ ሁሉ ክልክል ነው። አሁን ክረምት ላይ ወደ ጉማራ ወይ ወደ ርብ ወይ ወደ ግልገል አባይ መግቢያ ሄደሽ እዪ። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ብዙዎቹ ዝርያዎቹ ከጣና ውጪ በዓለም ላይ የትም የማይገኙት፣ ዝናቡ ሲበረታ ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ይሄዳል፤ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውሃ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። አጥማጁ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለሚያውቅም መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋዋል። ወደ ላይ ራቅ ያሉት ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ ይበትኑና ዓሣው ደንዝዞ ሲንሳፈፍ ይለቅሙታል። ወቅቱ ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ የሚገዛው ሰው ይበዛል፣ ዋጋውም ይነሳል።

በዚያ ሰሞን ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ቆመሽ ብታዪ ነገሩ ይገባሻል። ልጁ ቢላውን ከዓሣዋ ሆድ ላይ ሲያሳርፍ እንቁላሉ ቢጫ ሆኖ ይዘረገፋል። ያንን ከሆድ ዕቃው ጋር ጠርጎ ይወረውረዋል፣ ፔሊካኖቹ ተሻምተው ይውጡታል፣ ልጁ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ጊዜ ስንት ሺህ ዓሣ እንደወረወረ አያስበውም። ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ውጤቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ያጠኑት እንደሚያሳየው የትልልቆቹ ነጭ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ አካባቢ ወርዷል። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሐይቁ ላይ የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1978 (እ.ኤ.አ. በ1986) አካባቢ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ!

አሁን አንቺ አጥማጁን ብትጠይቂው ምን ይልሻል? እኔ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ አንድ ዓይነት ነው። «ሁሉም ያደርገዋል፣ እኔ ብተወው ሌላው ይይዘዋል።» ውሸቱን አይደለም። እሱ ብቻውን ቢቆም ዓሣው አይተርፍም፣ የሚራበው የእሱ ቤት ብቻ ነው። ግን ቀጥለሽ «ሁሉም ቢቆምስ፣ ጎረቤትህም፣ ከማዶ የሚመጣውም፣ አንተ ትቆማለህ?» በዪው። «በደስታ ነዋ!» ይልሻል። እዚህ ላይ ነው የምከራከርሽ። ይህ ሰው ሕጉን በየሌሊቱ ይጥሳል፣ ግን ሕጉ እንዲሻር አይፈልግም። እንዲያውም በእሱም በጎረቤቱም ላይ እኩል እንዲጠብቅ ነው የሚፈልገው። አንቺ ግን መረቡን ቆጠርሽና «ይኸው፣ ሕዝቡ ሕጉን ተቃውሟል» አልሽ። መጣስ ድምፅ መስጠት አይደለም፣ ልጄ። ሰው በየቀኑ እየጣሰው «ምነው ባስከበሩት» የሚለው ሕግ አለ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ስንቆጥር የምንቆጥረው የሚጥሱትን ነው። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቆጠራው ውስጥ የለም።

ማመልከቻ በምጽፍበት ፍርድ ቤት ደጅ ምን ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፣ ልጅ ሆነሽ ጃንጥላዬ ሥር እየተቀመጥሽ የቤት ሥራሽን ሠርተሻል። ይህን ግን አልነገርኩሽም። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት አንዲት ልጅ ከመምህሯ ጋር መጣች። የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ደብተሮቿን በፌስታል ይዛ። ዕድሜዋን ስጠይቃት ቀና ብላ መምህሯን አየቻት፣ ከዚያ በቀስታ «አሥራ አራት» አለች። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል፣ ድግሱ ተጀምሯል፣ ሙሽራውን አይታው አታውቅም። እየጻፍኩ ሳለ አባትየው ደረሰ። ጮኾ ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ክፉ ሰው አይመስልም፣ የደከመው ሰው ነው የሚመስለው። «ጌታዬ፣ እናቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው የተዳረችው። የጎረቤቶቼ ልጆች ሁሉ ተድረዋል። የቀረችው እሷ ናት። ይህን ሕግ ማን ሲያከብረው አይተሃል?» አለኝ።

ልጄ፣ ይህ እኮ የአንቺው ክርክር ነው። ቃል በቃል። በዚያ ቀበሌ ቢቆጠር ደግሞ ያሸንፋል፤ አባቶቹ፣ እናቶቹ፣ አማቾቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም በአንድ ወገን ናቸው። በሌላው ወገን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የደብተሯን ጥግ የምታጥፍ አንዲት ልጅ አለች። ማመልከቻውን ጨረስኩት፣ መምህሯ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይዛው ሄደች፣ ሠርጉም ቆመ።

የሕጉን ታሪክ ከእኔ በተሻለ ተምረሽዋል፣ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ነበር ያለው። ያችንም ቢሆን በእኛ አገር ገጠር ያከበራት ጥቂት ነው። እንደ አንቺ ሐሳብ ቢሆን ሕግ አውጪው አሥራ አምስቱን ወደ አሥራ ሁለት ማውረድ ነበረበት፣ ሰዉ የሚኖረው እንደዚያ ነዋ። እነሱ ግን ምን አደረጉ? በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ወደ አሥራ ስምንት አወጡት። ክልላችንም በ1995 የራሱን ሲያወጣ አሥራ ስምንት አለ። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ወንጀል አድርጎ፣ ልጅቱ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት እንደሆነ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ ካነሰች እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት አስቀመጠበት። ሕጉ ከሰዉ ኑሮ በብዙ ርቆ ነበር የቆመው። ያኔ ብዙ የተማረ ሰው «ይህ የወረቀት ሕግ ነው» ብሎ ነበር።

ከዚያስ? በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ የአገራችን ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 16.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። በ2008ቱ ጥናት 17.1 ሆነ። አንድ ዓመት ብቻ ልትዪ ትችያለሽ። ግን ይህች አንድ ዓመት በአገር ልክ ስትታይ ትልቅ ናት፤ ስንት ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች ማለት ነው። ሕጉ ብቻውን ያመጣው አይደለም፣ ትምህርት ቤቱ ነው የበለጠውን የሠራው። ለዚህም ነው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ ሁሉ ነገሩ ተመልሶ መምጣቱ የሚያስጨንቀኝ። ነገር ግን መምህሯ ያችን ልጅ ይዛ ስትመጣ የምትይዘው ነገር የነበራት ሕጉ ስላለ ነው። ባይኖር ምን ብዬ እጽፍላት ነበር?

እሺ፣ አሁን ደግሞ ያንቺን ወገን ልያዝልሽ። ትክክል የሆንሽበት ነገር አለና።

ከከተማው ዳር ያለውን መሬት ተመልከቺ። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በባሕር ዳር ዙሪያ ግን መሬት ሲሸጥ ነው የኖረው። ሻጭና ገዥ መጥተው «ብድር ነው ብለህ ጻፍልን» ይላሉ፤ ገበሬው ገንዘብ ተበድሮ መሬቱን እንደያዣ ሰጠ ተብሎ ይጻፋል፣ ብድሩ መቼም አይመለስም፣ በሌሊት የጨረቃ ቤት ይቆማል። እኔ እንዲህ ያለውን አልጽፍም፤ ከእኔ ሁለት ጃንጥላ አልፈው ያስጽፉታል። ግን ገበሬውን ለምን እንደሸጠ ጠይቄዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። «ከተማው ነገ ይወስደዋል፣ የሚሰጠኝ ካሳ ልጄን አያስተምርም፣ ዛሬ ብሸጠው ይሻለኛል።» በአዋጅ 455/1997 ገበሬው ለዘለቄታው ሲነሳ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። የከተማ ቦታ ዋጋ ሲያሻቅብ ይህ ከምን ይቆጠራል? በአዋጅ 1161/2011 ብዜቱ ወደ አሥራ አምስት ከፍ ብሏል። እንግዲህ እዚህ ላይ የሰዉ አለመታዘዝ እውነት ተናግሯል። የሚጥሰው ሌላ ሰው ለመጉዳት አይደለም፣ ሕጉ ራሱ ስለጎዳው ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ «ጣሱት» ብሎ ማጥበቅ በደል ነው። ተቀምጦ ማረም ያስፈልጋል።

ደግሞ የባጃጁ ነገር። ትርፍ መጫን ክልክል ነው፣ ሁሉም ይጭናል፣ አንቺም ሾፌሩ ጎን ተጣበሽ ሄደሽ ታውቂያለሽ። ትራፊኩ ሁሉንም ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ይመርጣል። ማንን? ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰው የሌለውን፣ መከራከር የማይችለውን፣ ከገጠር መጥቶ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣውን ልጅ። ቅጣቱ ወይ በደረሰኝ ወይ «ለሻይ» ያልቃል። ሁሉም ጥፋተኛ በሆነበት ቦታ ሥልጣን ያለው ሰው የፈለገውን ያነሳል፣ የፈለገውን ይተዋል። ይህ ነው ከሁሉ የሚያስፈራኝ። ስለዚህ «ማንም የማያከብረው ሕግ ዝም ብሎ ይቀመጥ» አልልሽም። ወይ ይከበር፣ ወይ ይሻሻል። አንዱ መሆን አለበት። የቱ ይሁን የሚለውን ግን የጣሾቹ ብዛት አይወስንልሽም።

ታዲያ ምን ይወስናል ትዪኛለሽ። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሲጣስ የሚከፍለው ማነው? የሚጥሰው ራሱ ከሆነ፣ ወይም ማንም ካልሆነ፣ ያንቺ ክርክር ያሸንፋል፤ ሕጉ ይነሳ። (በነገራችን ላይ የአሜሪካኑ መጠጥም እንደምታስቢው ቀላል አልነበረም። ለክልከላው ብዙ የታገሉት ባሎቻቸው ደሞዛቸውን ጠጥተው እየገቡ የሚደበድቧቸው ሴቶች ነበሩ። ክልከላው ባይሠራም አቤቱታቸው እውነት ነበር።) ከዚያ ደግሞ የሚጥሰውን ሰው ራሱን «ሁሉም ቢያከብረው ትጠላለህ?» ብለሽ ጠይቂው። «አልጠላም» ካለሽ ችግሩ ሕጉ ላይ አይደለም፣ አስከባሪው ላይ ነው። አጥማጁና የመሬት ሻጩ እዚህ ላይ ነው የሚለያዩት። ሁለቱም ይጥሳሉ። ገበሬው ግን ካሳው ሳይስተካከል ሁሉም እንዲያከብረው ቢደረግ የባሰ ይከፋዋል።

ሌላም የምነግርሽ አለ። ሰው የሚያከብረው ፖሊስ ስላለ ብቻ አይደለም። ጣና ዳር ያለችውን ዘጌን አስቢ። የአገሩ ሰዎች የጻድቁ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ብለው በሬ ጠምደው አያርሱም፣ ከብት አያረቡም፣ ለዘመናት እንዲህ ኖረዋል። ያ ጥቅጥቅ ያለ ደንና ቡናው ሐይቁ ዳር እስከዛሬ የቆመው ያ ስለተከበረ ነው። ዘበኛ አልቆመበትም፤ እያንዳንዱ ሰው ለምን እንደተከለከለ ከልጅነቱ ሲሰማ አደገ። ለአጥማጁስ በእንቁላል የተሞላችዋን ዓሣ ለምን መተው እንዳለበት፣ በክረምቱስ ልጆቹን በምን እንደሚያበላ ማን ቀርቦ አነጋገረው? አዋጁ ወጣ፣ በጋዜጣ ታተመ፣ አበቃ። ስለዚህ «ሕዝቡ አልተቀበለውም» ከማለትሽ በፊት ሕዝቡ ሰምቶታል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

አያትሽን ትዝ ይላት እንደሆነ ጠይቂያት፤ በድሮ ጊዜ ሁለት ሰው ተያይዞ ሲደባደብ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ እጃቸው ባለበት ይቆም ነበር። እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይሉ ነበር። አሁን ገበያ መሀል ብትይው ማን ዞሮ ያይሻል? ይህ ነገር የጠፋው በየሠፈሩ ያለው ሰው «ሁሉም ይጥሰው የለ» እያለ ነው። አንቺ ነገ ዳኛ ወይ ዐቃቤ ሕግ ወይ ጠበቃ ትሆኛለሽ፣ ይህንኑ ቃል በሠለጠነ ቋንቋ አድርገሽ ፍርድ ቤት ውስጥ እንድትናገሪው አልፈልግም። የተናደድኩት ለዚህ ነው እንጂ በአንቺ አይደለም።

ጽሑፉን ለመምህርሽ የምታስገቢው ሐሙስ ነው ብለሽኛል። ያች አሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ፊት ለፊትሽ ተቀምጣለች ብለሽ ሦስተኛውን ክፍል እንደገና ጻፊው፤ አባትየው የተናገረውን አስገቢና መልሺለት። ከመሬቱ ነገር ላይ ደግሞ ያንቺ ሐሳብ ከእኔ ይሻላል፣ እሱን አትንኪው። ሳታስገቢው በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አነበዋለሁ። የጠየቅሽውን ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ገንዘብ ዛሬ በቴሌብር ልኬልሻለሁ፣ ከደረሰሽ ደውዪ።

አባትሽ
ከባሕር ዳር